በኤሌክትሪክ የተመታ የማይኒንግ ማሽን፦ ፓወር ሰፕላዩ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ቮልቴጅ ድንገት ጨምሮ የጠፋ አንትማይነር ኤስ9 (የቢትኮይን ማይኒንግ ማሽን) ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ክፍል ነው። ሃሽቦርዶቹን (ስሌቱን የሚሠሩት ቺፖች ያሉባቸውን ቦርዶች) ነቅለው ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ያብሩትና በማልቲሜትር ይለኩ። 12 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ምርጫው ሁለት ነው።

መጠገን የሚያዋጣው ጉዳቱ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል ሲቆም ነው። ብዙ ሰው ግን ፊውዙን ብቻ ቀይሮ ያበራል፤ ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ቫሪስተሩ (ድንገተኛ ቮልቴጅ የሚከላከለው) ከተሰነጠቀ፣ ሬክቲፋየሩ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ወይም ሞስፌቱ (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ትራንዚስተር) ሾርት ከሆነ አዲሱ ፊውዝም ወዲያው ይቃጠላል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም 400 ቮልት አካባቢ ሊይዙ ይችላሉ፤ በሬዚስተር አራግፎ፣ እንደገና ለክቶ ነው መንካት።

ሰርኪዩት ቦርዱ ከከሰለ ግን ክርክር የለውም፣ ይቀየር። መቀየር ወጪው ይበልጣል እንጂ ጊዜ አይፈጅም። አዲሱን ከመሰካት በፊት የእያንዳንዱን ሃሽቦርድ የ12 ቮልት መግቢያ በኦም ይለኩ፤ ንባቡ ዜሮ ላይ ቆሞ ከቀረ ያ ቦርድ ሾርት ነውና አይሰካ። ማሽኑ ተነስቶ ሎጉ (ማሽኑ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ) ላይ በአንድ ቦርድ ከሙሉው 63 ያነሰ ቺፕ ከታየ ደግሞ ችግሩ ያለው ሃሽቦርዱ ላይ ነው፤ አንድ የሞተ ቺፕ የሲግናሉን ሰንሰለት ስለሚቆርጥ ከሱ ወዲያ ያሉት አይቆጠሩም።