ኪሎ ሜትሩን እመኑ፣ ሰዓቱን ግን ተጠራጠሩ

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ሰዓት አስልተው የሚሰጡ ድረ ገጾችን ስፈትሽ ሰነበትኩ። መፈተኛ ያደረግኩት መስመር ከሄልሲንኪ ሊዝበን ነው። አንዷ የአውሮፓ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ስለሆኑ ስህተት ካለ ቶሎ ይጋለጣል።

ርቀቱ ላይ እንከን አይወጣላቸውም። 3,360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምድር ክብነት ታስቦ በሚሰላው አጭሩ መስመር ማለቴ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ግሬት ሰርክል ማፐርን ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ ዓይን አይስብም። ግን የማረፊያዎቹን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ስታስገቡ መስመሩን ካርታ ላይ ቁጭ ያደርግላችኋል። መሃል ላይ ሌላ ከተማ መጨመርም ትችላላችሁ፣ እኔን የገረመኝም ይሄ ነው፦ አምስተርዳምን ብትጨምሩ ድምሩ ከቀጥታው የሚበልጠው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መንገድ ላይ ናት በሉት። ፍራንክፈርትም ብትሆን የምትጨምረው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ትራንዚት የሚያደክመው መንገዱ ስለሚረዝም አይደለም፤ ሁለቴ መነሳት፣ ሁለቴ ማረፍ፣ መሃል ላይ ሻንጣ እየጎተቱ በር ፍለጋ መዞር ነው ቀኑን የሚበላው።

ሰዓቱ ላይ ግን አትሸወዱ። ብዙዎቹ ማስያዎች ርቀቱን በሰዓት 800 ወይም 850 ኪሎ ሜትር በሚል አንድ ቋሚ ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጣል ያደርጉበታል። በዚህ ስሌት ሊዝበን 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትሆናለች። የአየር መንገዶቹን ፕሮግራም ስታዩ ግን ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ለምን? አንደኛ ነገር፣ ከፍታው ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ሊዝበን ስትሄዱ ከፊት ይይዛችኋል፣ ስትመለሱ ደግሞ ከኋላ ይገፋላችኋል፤ ማስያው ለሁለቱም ያው አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። በዚያ ላይ አየር መንገዱ የሚቆጥረው ከበር እስከ በር ነው። መሬት ላይ መንከባለሉና ተራ መጠበቁ ሁሉ ይገባበታል።

ሌላው ጉድለት የሰዓት ልዩነት ነው። አንዳንዶቹ ጭራሽ አይነግሩችሁም። ሊዝበን ከሄልሲንኪ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ስለዚህ ስትሄዱ ሰዓታችሁ የ3 ሰዓት መንገድ የመጣችሁ ያስመስላል፤ ስትመለሱ ግን ግማሽ ቀናችሁ ይሄዳል። ሊቀበላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ የምትነግሩት ትኬቱ ላይ ያለውን የመድረሻ ሰዓት ይሁን፣ እሱ በአገሩ ሰዓት የተጻፈ ነው።

እውነተኛውን የበረራ ቆይታ ለሚፈልግ በረራዎችን የሚከታተለው ድረ ገጽ ፍላይትራዳር24 ይሻላል። የበረራ ቁጥሩን አስገብቶ ያው በረራ ሰሞኑን በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ማየት ነው። ለዚህ ያህል ነጻው ይበቃል፣ መክፈል አያስፈልግም።