ሳላላ ወይስ ሙሳንዳም? ተራራና ባሕር የሚገናኙባቸው ሁለት የኦማን መዳረሻዎች ንጽጽር

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ተራራና ባሕርን በአንድ ጉዞ ለማየት ከሚመረጡት ስፍራዎች መካከል በኦማን ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ሳላላና በሰሜናዊው ጫፍ የሚገኘው ሙሳንዳም ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ተራሮቻቸው እስከ ባሕር ዳር የወረዱ ቢሆኑም የሚሰጡት ዕረፍት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ብዙ ሰው ምርጫውን ከዋጋ ይጀምራል፤ በእኔ ግምት ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት የዓመት ፈቃዱ የሚውልበት ወር ነው፤ ወሩ ካልተስማማ በርካሽ የተገዛ ጉዞም ቢሆን ከስሮ ይቀራልና።

የዶፋር ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ሳላላ ስሟ የገነነው ኸሪፍ በሚባለው ወቅት ነው። ይህ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 14 ገደማ እስከ መስከረም 11 ገደማ የሚዘልቅ በመሆኑ ከአገራችን ክረምት ጋር ይገጥማል። የተቀረው የባሕረ ሰላጤ ምድር ከ40 ዲግሪ በላይ በሚነድበት በዚህ ጊዜ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከዶፋር ተራሮች ጋር ሲጋጭ ጉምና ካፊያ ይፈጥራል፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ተራራውም ሣር ይለብሳል። ሣሩ ለማደግ ጊዜ ስለሚፈልግ በሰኔ መጨረሻ የሚሄድ ሰው ጉሙን እንጂ ልምላሜውን ብዙም አያገኝም፤ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ መሄዱ የተሻለ ነው። ሙሳንዳም በአንጻሩ በእነዚሁ ወራት በሙቀትና በወበቅ የሚያስጨንቅ ሲሆን፣ ምቹ የሚሆነው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የኤምሬቶች ብሔራዊ በዓል በሚውልበት በኅዳር መጨረሻ ዕረፍት ያለው ሰው ሙሳንዳምን፣ በነሐሴ ፈቃድ የሚወጣ ደግሞ ሳላላን ቢመርጥ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። የዒድ በዓላት ግን በየዓመቱ ካለፈው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ቀድመው ስለሚውሉ፣ ዘንድሮ የትኛው ወቅት ላይ እንደሚውሉ ማየት ይገባል።

ሳላላ የሚታይ ነገር በብዛት ያላት፣ ነገር ግን በሰፊው የተበታተነባት ስፍራ ናት። በምሥራቅ በኩል ዋዲ ደርባት አለ፤ በደህና የዝናብ ዓመት ከገደሉ ላይ ፏፏቴ ይወርዳል፤ በሸለቆው ውስጥም ግመሎችና ከብቶች ሲግጡ ይታያሉ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በኾር ሮሪ ዳርቻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተመሠረተው የሱምሁራም የወደብ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ይህ ወደብ ዕጣን ወደ ውጭ ይላክበት የነበረ ሲሆን፣ ከአል ባሊድ ፍርስራሽና ከዋዲ ዳውካ የዕጣን ዛፎች ጋር «የዕጣን ምድር» ተብሎ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዕጣን በየቤቱ ለሚጨስበት ለእኛ ሰው ይህ ጉብኝት የተለየ ትርጉም አለው። የዶፋሩ ዛፍ በሰሜን ኢትዮጵያ ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ጋር የአንድ ዘር ዝርያ ነው፤ የሚበቅለውም ጉሙ በሚያረሰርሰው የባሕር ገጽ ሳይሆን ከተራራው ጀርባ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ነው። በሐፋ ገበያ ዕጣኑን ሲገዙ ጥራቱ በደረጃ የተከፈለ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከሁሉ የሚወደደው ሆጃሪ የሚባለው ነው። በምዕራብ በኩል በሙግሴል ዳርቻ ማዕበሉ ከዓለቱ በታች እየገባ በቀዳዳዎች በኩል ውሃ ወደ ላይ ሲያስፈነጥር ማየት ይቻላል።

ይሁንና የሳላላ ትልቁ ጉድለት እዚሁ ላይ ነው፤ በኸሪፍ ባሕሩ ስለሚናወጥ መዋኘት አደገኛ ነው። ባሕር ለመግባት የሚጓጓ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ቢሄድ ያዝናል። ልምላሜው ሳይጠፋ ባሕሩ መርጋት የሚጀምረው ሰርብ በሚባለው ቀጣይ ወቅት መግቢያ፣ ማለትም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ያን ጊዜ እመክራለሁ።

በሙሳንዳም ዋናው ነገር ራሱ ባሕሩ ነው። ከኸሰብ ከተማ የሚነሳው ዳው የተባለው ባህላዊ የእንጨት ጀልባ፣ በራቁት ዓለት ተራሮች መካከል ዘልቆ በገባው ኾር ሻም በተባለው የባሕር ክንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ዶልፊኖች ብዙ ጊዜ ከጎኑ ይከተሉታል፤ በመሃልም ቆሞ ተጓዦች ይዋኛሉ፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦም ዓሦችን ያያሉ። ጀልባው ከሚቆምባቸው ስፍራዎች አንዷ፣ እንግሊዞች በ1864 እ.ኤ.አ. በባሕር ውስጥ ለዘረጉት የቴሌግራፍ መስመር ጣቢያ አቁመውባት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥለዋት የሄዱባት ትንሽ ደሴት ናት። በየብስ በኩል ከፍታው 2,087 ሜትር ወደሆነው ጀበል ሐሪም የሚያወጣው የጠጠር መንገድ ይጠቀሳል፤ ለዚህ ግን ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የኸሰብ ምሽግ አለ፤ ለሁሉም ሁለት ሌሊት ይበቃል።

ከዱባይ ለሚነሳ ሰው ኸሰብ በራስ አል ኸይማ በኩል በመኪና ከሦስት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይደረሳል፤ የድንበር ላይ ወረፋው ግን በበዓላት ይረዝማል። ሳላላ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ አውሮፕላን ይሻላል፤ እዚያም ሲደርሱ መኪና መከራየት ግድ ነው። በጉም ውስጥ ተራራ ላይ መንዳት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ግመሎችም በድንገት አስፋልቱን ያቋርጣሉ። በሁለቱም ጉዞዎች ወደ ኦማን የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደንቡ እንደ ዜግነትና እንደ መኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ስለሚለያይ ሆቴል ከመያዝ በፊት ከኦማን ፖሊስ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመኪና የሚሻገር ሰው ኦማንን የሚሸፍን መድን መያዝ አለበት። ሙሳንዳም በሆርሙዝ ሰርጥ ላይ በመሆኑ፣ ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ጸጥታ የሚመለከት ዜና መከታተልም ይገባል።

በወጪ በኩል ሳላላ ውስጥ የሚያስወድደው መኝታው ነው፤ በኸሪፍ የሆቴል ዋጋ ስለሚያሻቅብ ቀደም ብሎ መያዝ ያዋጣል፤ ሸለቆዎቹና ምንጮቹ ግን በነጻ የሚጎበኙ ናቸው። በሙሳንዳም ዋናው ወጪ ጀልባው ስለሆነ ዋጋ ሲጠየቅ ጉዞው የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን መሆኑ፣ ምሳ፣ መነጽርና የሕይወት አድን ጃኬት መካተታቸው፣ ጀልባው ከሌሎች ጋር የሚጋሩት ወይም የግል መሆኑ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የፍልሰታ ጾም በኸሪፍ መሃል ስለሚውል፣ ጾመኛ በሳላላ ጎዳናዎች ዳር የሚሸጠው ኮኮናት፣ ሙዝና ፓፓያ ይጠቅመዋል፤ በጀልባው ላይ ግን ምሳው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋና ዓሣ ስለሚኖረው የጾም ምግብ አስቀድሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

አረጋውያን ወላጆች ከአገር ቤት የመጡለት ሰው፣ ከመኪና ብዙም ሳይርቁ ልምላሜውን ማየት ስለሚችሉ፣ ያለ ማመንታት ሳላላን ቢመርጥ እመክራለሁ። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው የሙሳንዳምን የሙሉ ቀን ጉዞ ትቶ የግማሽ ቀኑን ይያዝ፤ ውሃው በኾሩ ውስጥ የረጋ ስለሆነ ብዙዎች ያለ ችግር ይጨርሱታል።