ጣራው ለወለቀ ጂፕ የሚበረክት የድምፅ ሲስተም፦ ከወራት በኋላ ያለኝ አስተያየት

ክፍት ጂፕ ላይ የተገጠመ ስፒከር ውጭ ያደረ ዕቃ ነው። ፀሐዩም፣ አቧራውም፣ ዝናቡም ያገኘዋል። የምነዳው ባለ ሁለት በር ራንግለር ጄኬ ነው፤ ከ2007 እስከ 2018 የተመረተው ዓይነት። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አየሩ ሞቅ ሲል ጣራውም በሩም ይወልቃል፤ በረዶ እስኪመጣ አይመለስም። ሲስተሙን የገጠምኩት ባለፈው ጸደይ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጸጥ ብሎብኝ አያውቅም።

ወዳጆቼ ሲሰሙት ቶሎ የሚጠይቁኝ "ስንት ዋት ነው?" ብለው ነው። ክፍት መኪና ላይ ግን ከዋት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። አንደኛው ስፒከሩ ከጆሮ ያለው ርቀት ነው። ሌላው ገመዱ የሚጋጠምበት ቦታ ነው።

መኪናውን ስገዛው የቀድሞው ባለቤት ያስገጠማቸው ስፒከሮች ነበሩበት። ለዝግ መኪና የተሠሩ ናቸው። ሽፋናቸውን ሳነሳ ኮናቸው፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ወረቀት ነው። ውሃ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ዳር ዳሩ ተሸብሽቧል። ጣቴን ሳሳርፍበት ተቀደደ። ኮኑን ዙሪያውን የያዘውን ስፖንጅ ደግሞ ፀሐይ ጨርሶታል፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ገመዱ የሚሰካበት ጫፍ ላይ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። አንዱ ስፒከር ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግር የነበረው በዚሁ ዝገት ነው። ጫፉን ቆርጬ ንጹሕ ሽቦ ሳወጣለት መልሶ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ስለ ገመድ ያለኝ አመለካከት ተለወጠ።

የገዛሁት የጄኤል ኦዲዮን ኤም3፣ ባለ 6.5 ኢንች፣ ሁለት ጥንድ ነው። ለጀልባ የተሠራ ስፒከር ነው። ኩባንያው የፍሎሪዳ ነው፤ 2023 ላይ ጋርሚን ገዝቶታል። ኮኑ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ጎማ ነው። ሁለቱ ዳሽቦርዱ ላይ ይገባሉ። ሁለቱ ደግሞ ከፊት ወንበሮች በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው አግዳሚ ላይ። ፋብሪካው አራቱንም ቦታ በዚህ ልክ ስለሠራው ምንም የተቆረጠ ነገር የለም። ጥንዱ ከ200 ዶላር በላይ ያስወጣል። ርካሽ አይደለም።

የጀልባ ዕቃ የሚሠራው ጨውና ፀሐይ እንዲችል ታስቦ ነው። ዩታ ውስጥ እንዳለው እንደ ሞአብ በረሃ ያለ ቀይ አቧራ ግን ባሕር ላይ የለም። ስለዚህ ስትገዙ አይፒ የሚለውን የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ እዩ። የመጀመሪያው አሃዝ የአቧራ ነው፤ 6 ከሆነ አቧራ ጨርሶ አይገባም። ሁለተኛው የውሃ ነው፤ 7 ማለት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል ማለት ነው። "አይፒኤክስ7" ብሎ ከጻፈ ግን ለአቧራ የተሰጠ ደረጃ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ሌላም አለ። 7 ያለው ዕቃ የግፊት ውሃ ይችላል ማለት አይደለም፤ ግፊቱ የሚፈተነው በ5 እና በ6 ነው። ወንዝ ተሻግሮ ደህና የወጣ ስፒከር መኪና ማጠቢያ ቤት ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ርቀቱ። ዝግ መኪና ውስጥ ድምፁ ከመስታወትና ከጣራ ጋር እየተጋጨ ይመለሳል። ክፍት ሲሆን ሄደ፣ ቀረ። በገላጣ ቦታ ከስፒከሩ ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይወርዳል። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉ ደግሞ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። እንግዲህ ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ኃይሉን በአራት ከማባዛት እኩል ነው ማለት ነው። ሀይዌይ ላይ የምሰማው በአብዛኛው ከጭንቅላቴ በላይ ያሉትን ሁለቱን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ከተማ ውስጥ ይበቃሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ይውጣቸዋል። በጀታችሁ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ከላይ ጀምሩ።

ዋት የግድ ማየት ካለባችሁም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፒክ ዋት (ለቅጽበት ብቻ የሚችለውን) ተዉትና አርኤምኤስ የሚለውን (ሳያቋርጥ የሚችለውን) ፈልጉ። የእነዚህ 60 ዋት ነው። የሚነዳቸው ባለ አራት ቻናል፣ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት አምፕ (ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን) ነው። ክላስ ዲ ብዙ አይግልም፣ ባትሪም ይቆጥባል። አየር እንደ ልብ በማያገኝ ጠባብ ቦታ ለሚቀመጥ አምፕ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ነፋስ በቅድሚያ የሚበላው ቤዙን ነው። በ60 ማይል ስነዳ ከበሮው ይጠፋል፤ ክራሩና ድምፃዊው ይቀራሉ። ማሲንቆ ደግሞ ነፋሱን ሰንጥቆ ይመጣል፤ ለዚህ መኪና የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ቤዝ ጊታር የበዛበት ዘፈን ግን ግማሹ የለም። ያን ግማሽ ለማስመለስ ቤዙን ሽቅብ መግፋት ስፒከር ማቃጠል ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ አምፑ ላይ ቆርጬዋለሁ። ስፒከሩ ከማይችለው ሥራ ሲያርፍ የቀረውን ከፍ አድርጌም ሳይንጫጫ ይጫወትልኛል። ወፍራም ቤዝ የሚፈልግ ሰው ሰብዉፈር፣ ማለትም ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር፣ መጨመር አለበት። ያለ እሱ ይህ ሲስተም አያረካውም፤ ይሄን በግልጽ ነው የምናገረው።

አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብኝ የገመዱ ሥራ ነው። ሽቦው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ እርጥበት ቶሎ አያዝገውም። መጋጠሚያዎቹን ጠምዝዤ በፕላስተር አልጠቀለልኩም። በመጭመቂያ ተያይዘው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ውስጡ ማጣበቂያ ያለው ላስቲክ ለብሰዋል። ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ገመዱ ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተመልሶ ይወጣል፤ ውሃ ከመጣ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መሰኪያው አይወርድም። ብረት አልፎ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት አለው። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው 45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ነው የተቀመጠው። ገመዱ ብረት ነክቶ ቢላጥ እሳት እንዳይነሳ የሚያደርገው እሱ ነውና ይሄን በፍጹም አትዝለሉ።

አምፑን ብዙ ሰው ወንበር ሥር ያደርገዋል። እኔ ከፊት መሳቢያው ጀርባ፣ ከፍ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ምክንያቱ ሜዳኖ ፓስ የሚባለው የኮሎራዶ ተራራ መንገድ ነው። በግሬት ሳንድ ዱንስ ፓርክ በኩል የሚያልፈው ይህ መንገድ 22 ማይል ሲሆን ጅረቱን ዘጠኝ ጊዜ ያቋርጣል። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይሞላል፤ በሩ የወለቀ መኪና ወለል ላይ ውሃ መግባቱ አይቀርም። እኔም ሳልፍ ምንጣፉ ረጥቧል። አምፑ ጋ ጠብታ አልደረሰም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ከሞአብ ስመለስ የስፒከሮቹ ሽፋን ቀዳዳዎች በቀይ አቧራ ይደፈናሉ፤ ከፍተኛው ድምፅ ይታፈናል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በትንሹ የረጠበ ጨርቅ። ሽፋኑ ሲጸዳ የጸናጽሉ ድምፅ ወዲያው ይመለሳል። ነጩ ፕላስቲክ ትንሽ ወየብ ብሏል፤ ከፍታው ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ጎማው ግን አልተሰነጠቀም። በብርድ ጠዋት ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ደረቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይስተካከላል።

ሞተር አጥፍታችሁ ስታጫውቱ ባትሪውን ተከታተሉ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ላይ ከደረሰ ግማሹ አልቋል። ትንሽ ቮልት መለኪያ ዳሽቦርዱ ላይ ሰክቻለሁ። ካምፕ ላይ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት ይተኛል፤ ዝጉት።

አቅማችሁ ጠበብ ካለ አምፑን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ላይኛዎቹን ሁለት ስፒከሮች ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኙ። ድምፁ ያንሳል እንጂ ይሰማል። ገመዱንና መጋጠሚያውን ግን ከመጀመሪያው በደህናው ዕቃ ሥሩት። አምፕ በኋላ በግማሽ ቀን ይጨመራል፤ ገመድ ለመቀየር ዳሽቦርዱ እንደገና መፈታት አለበት።