ጀልባዬን ቤት ለማሳደር የገዛሁት ተሳቢ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

ስለ ጀልባዋ ብዙ የምለው የለኝም። ትንሽ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ትንሳፈፋለች፣ ሞተሯ ይነሳል፣ አለቀ። ወሬው ያለው ተሳቢው ላይ ነው። የገዛሁት ጀልባዋን ውሃ ላይ አስሮ ከማሳደር ግቢ ውስጥ ማቆም ይሻላል ብዬ ነው። ተሳቢው አሁን ዓመት አለፈው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግን ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ።

ከውሃ ስመለስ ከቀኝ ጎማ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ብነካው ይፋጃል። በክሪክ አንስቼ ጎማውን ሳዞረው ይንገጫገጫል። ሲከፈት ውስጡ ያለው ግሪስ ወተት መስሏል። ግሪስ ውስጥ ውሃ ሲገባ እንዲህ ነጭ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማለስለስ የለም፤ ዝገት ነው የሚከተለው።

ውሃው እንዴት እንደገባ የነገረኝ መካኒኩ ነው። መንገድ ላይ ኩሽኔታው ይሞቃል፤ እዚያ ውስጥ የታፈነው አየርም አብሮ ይሞቃል። ውሃ ዳር ደርሳችሁ ተሳቢውን ወዲያው ስትነክሩት አየሩ ባንዴ ይቀዘቅዝና ይኮማተራል። ኩሽኔታውን ከኋላ በሚዘጋው ማሸጊያ ጠርዝ በኩል ውሃ ይስባል። ማሸጊያው ባይቀደድም ማለት ነው!

ሻጩ ይሄን አላነሳውም። ብረቱ ዚንክ ስለተነከረ አይዝግም ብሎ ሲያስረዳኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ብረቱ አልዛገም። ግን ወንድሜ፣ የዚህ ዕቃ ሥራው ውሃ መግባት አይደል እንዴ? ውሃ ሲነካው የሚታመም የጀልባ ተሳቢ ምን ይባላል? «ኩሽኔታ መቼም የሚያልቅ ዕቃ ነው» ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። ያልቃላ። ግን ከማለቁ በፊት «ሳይቀዘቅዝ አትንከረው» የምትል አንዲት ቃል ምን ነበረባት?

መፍትሔው ደግሞ ትንሽ መሆኑ ነው የሚያናድደው። ስፕሪንግ ያለው የኩሽኔታ ክዳን አለ። ግሪሱን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚገፋው፣ የውስጡ ግፊት ከውጭው ትንሽ ይበልጣል፤ ውሃ መግቢያ ያጣል። አብዝታችሁ ከሞላችሁት ግን የኋላውን ማሸጊያ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ልክ ይኑረው። አሁን በሁለቱም ጎማ ላይ አስገጥሜያለሁ። ውሃ ዳር ስደርስም አልቸኩልም። ዕቃ እጭናለሁ፣ የውሃ ማፍሰሻውን ቡሽ እገጥማለሁ፣ ወሬም ካለ አወራለሁ። ከዚያ ጎማው መሀል ላይ እጄን አሳርፋለሁ። ከቀዘቀዘ እንገባለን።

«ይህን ሁሉ ከምታይ ውሃ ላይ ብታስራት አይሻልም ነበር?» የሚሉኝ አሉ። አይሻልም! 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ነው። ክፍት ቦታዋ 6 ካሬ ሜትር የሆነ ጀልባ በዚያች ዝናብ 60 ኪሎ ትጭናለች። ያን የሚያወጣው በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ባትሪው ካለቀ? እናንተ ቤት ተኝታችሁ ጀልባዋ እንደታሰረች ትሰምጣለች። እኔ ግቢ ውስጥ አፍንጫዋን ከፍ፣ ቡሽዋን ነቀል፤ ዝናቡ በኋላ በኩል በራሱ ጊዜ ይወጣል። ውሃ ላይ የሚከርም ጀልባ ሆዱ ላይ የሚበቅለው ነገርም አለ። ያን ለመከላከል መርዛማ ቀለም መቀባትና በየጊዜው ማደስ ነው። ፋይበርግላሱ ራሱ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውሃ ሰርጎበት ሊያብጥ ይችላል። እንግዲህ ከዚህና ከኩሽኔታ የቱ ይሻላል?

ጀልባችሁን በፎርክሊፍት (በዕቃ ማንሻ መኪና) መደርደሪያ ላይ የሚሰቅሉላችሁ ቦታዎችም አሉ። ግቢ ለሌለው ሰው ደግ ነው። እኔ ግን ወደ ውሃ ለመግባት የፎርክሊፍት ሹፌር ምሳውን እስኪጨርስ አልጠብቅም።

ሌላው ነገር ደህና ነው። ጀልባዋ የምትቀመጠው ምንጣፍ በለበሱ ረጃጅም እንጨቶች ላይ ስለሆነ ክብደቷ ይከፋፈላል፤ ሆዷ አልተጎዳም። ጎማዎቹን ከፀሐይ እሸፍናቸዋለሁ። የተሳቢ ጎማ ብዙ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ነው የሚሰነጠቀው። ከጨው ውሃ ከወጣ ደግሞ በንጹህ ውሃ ማጠብ ግድ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ዛሬ የጋራዡን ሒሳብ ከፍዬ ስለመጣሁ ከ5 ላይ 3 ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከውሃ ስመለስ ብትጠይቁኝ 4 እል ይሆናል። 5 ግን አይታሰብም፤ እነዚያ ሁለት ክዳኖች ከፋብሪካ ተገጥመው መምጣት ነበረባቸው።