ቁራ ለአዳኝ ወዳጅ ነው ወይስ አሳባቂ?

ጅማ ቡና ላይ ቁጭ ብለን አጎቴና ጎረቤታችን ጋሼ በቁራ ተጨቃጨቁላችሁ። አጎቴ ከበቆሎው ማሳ ከርከሮ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው፣ "ቁራ ከጮኸማ አለቀ፣ አውሬው ሁሉ ይነቃል፣ ኖህ ልኮት የቀረ ከሀዲ!" ይላል። ጋሼ ደሞ የወጋው ድኩላ ጫካ ገብቶ ሲጠፋበት ቀና ብሎ ቁራ የሚዞርበትን አይቶ ነው የሚሄደው። እኔ ለጋሼ አደላለሁ፣ ቁራ ጥንብ የሚበላ ስለሆነ በድን ፍለጋ ከኛ አይን ይበልጣል፣ ፈረንጅ አገርም ተኩላ እየተከተለ ትርፍራፊ ይለቅማል አሉ። የኛው ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራሙ ደሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የለም (ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም)። ለአጎቴ ስነግረው "ድኩላ ስገፍ ጉበቱን አፈፍ አርጎብኝ ሲበር የት ነበርክ?" አለኝ።