ማህተም አይታችሁ የጋዜጣ ፎቶ እንዳትገዙ፣ እኔ ተሸውጃለሁ

የድሮ የአውሮፓ የጦርነት ፎቶ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ 180 ዩሮ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ባለፈው ወር በኢንተርኔት አንድ ፎቶ ገዛሁ። ቦታው በርሊን ነው፣ ዘመኑ በፈረንጆች 1948፤ ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን መንገድ ዘግተው ዱቄትና ከሰል በአውሮፕላን ይገባ የነበረበት ጊዜ። ልጆች ፍርስራሽ ላይ ቆመው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በላያቸው ያልፋል። በጣም ያምራል። ሻጩ "ኦሪጅናል፣ በዘመኑ የታተመ" ብሏል። ጀርባው ላይ የዜና ወኪል ማህተም አለ፣ በታይፕ የተጻፈ መግለጫ ተለጥፎበታል፣ የአዘጋጅ ቀይ እርሳስም አለበት። ታዲያ ምን ቀረው ብዬ ከፈልኩ።

ገና ከፖስታው ሳወጣው ጣቴ ነገረኝ። ወረቀቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ፕላስቲክ የተቀባ የፎቶ ወረቀት ደግሞ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው፤ በ1948 አልነበረም። ክፍሉን አጨልሜ የብር ኖት የሚፈተሽበትን ትንሽ የዩቪ መብራት ሳበራበት ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ይህ የሚሆነው ወረቀቱን ለማንጣት በሚጨመር ኬሚካል ነው፣ እሱም በፎቶ ወረቀት የተለመደው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በ1940 የሞተው አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሉዊስ ሃይን ራሱ አተማቸው ተብለው የተሸጡ ፎቶዎች በ1990ዎቹ የተጋለጡትም በዚሁ ኬሚካል ነው። ልብ በሉ ግን፣ ካላበራ አሮጌ ነው ማለት አይደለም። የ1956ቱ የሃንጋሪ አመጽ ፎቶም ቢያበራ ፎርጂድ ነው ማለት አይደለም፤ ኬሚካሉ ያኔ ነበረና።

ማህተሙስ? ማህተሙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል! ዜና ወኪሎች ኔጋቲቩን አስቀምጠው ከዓመታት በኋላ ደግመው ያትማሉ፣ ማህተማቸውንም ይመቱበታል፤ የሚታየው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋዜጣው ፎቶውን ያወጣበት ወይም መዝገብ ቤት ያስገባበት ነው። መግለጫውም ከሌላ ፎቶ ተልጦ ሊለጠፍ ይችላል። የኔው መግለጫ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ተቆራርሷል፣ ከሥሩ ያለው ወረቀት ግን ንጹህ ነጭ ነው፤ የአሮጌ ሙጫ ምልክት እንኳ የለበትም።

ገንዘቤን መልስ ስለው "እኔ ነጋዴ አይደለሁም" አለኝ። ይህቺን እወቋት። በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት ያላችሁ ከነጋዴ ስትገዙ ብቻ ነው፤ ከግለሰብ ከሆነ አይሠራም። ገጹ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ ደርድሮ ግለሰብ ነኝ ማለቱ ነው ያናደደኝ። አመልክቻለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ላክልኝ በሉት፦ የጀርባውን ሙሉ ፎቶ፣ በዩቪ መብራት የተነሳውን፣ እና ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ያነሳውን። አሮጌ ህትመት ሲዘነበል ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ቦታ ላይ፣ በተለይ ጠርዙ አካባቢ፣ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ሲደርሳችሁም በማጉያ መነጽር እዩት፤ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካያችሁ የማተሚያ ቤት ወይም የፕሪንተር ሥራ ነው። "መብራት የለኝም" ካለ እለፉት፤ መብራቱ ከ10 ዩሮ በታች ይገኛል።

የኔን ፎቶ አልሸጥኩትም። ጀርባው ላይ "ዳግም ህትመት" ብዬ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፣ ከኔ በኋላ እጁ የሚገባ ሰው እንዳይታለልበት።