የምድጃ አመድ በ250 ብር እንዳትገዙ

ጎንደር ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ በባልዲና በጀሪካን አትክልት የምታበቅሉ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን «100% ተፈጥሯዊ ሙሉ ማዳበሪያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ በኪሎ በኪሎ በላስቲክ ታስሮ የሚሸጥ ግራጫ ዱቄት አለ። እኔ ከአንድ ችግኝ ሻጭ ሦስት ገዛሁ። አንዱ 250 ብር ነው፤ 750 ብር ወጣ። «በሳምንት አንድ የሻይ ብርጭቆ ከላይ ነስንሺበት፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» አለኝ። አምኜው ነሰነስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የቲማቲሙ አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ቀሩ። ቃሪያው ጫፍ ጫፉ አረረ። ከሁሉም ያንገበገበችኝ ግን ሎሚዋ ናት፤ ከፍሬ አብቅዬ ሁለት ዓመት ያሳደግኳትን ቅጠሏን አራገፈችው። የአፈሩ ፊት ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ግግር ብሎ፣ ውሃ ሳፈስበት ወደ ዳር ይሸሻል እንጂ አይሰርግም።

ጎረቤታችን እትዬ ለቡና መጥተው ላስቲኩን ከፈት አድርገው በጣታቸው አሹት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ እኔ ጠዋት ጠዋት የምደፋው የምድጃ አመድ ነው» አሉኝ። በወንፊት ብነፋው የከሰል ስብርባሪ፣ ሁለት የዛገ ሚስማርና ሰማያዊ ቀለም ያለበት ያልነደደ ስንጣሪ ወጣ። አቼቶ ጠብ ሳደርግበት ቸስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ግብርና የምትማረው የእህቴ ልጅም በውሃ በጥብጣ ቀይ ሊትመስ ወረቀት ነከረችበት፤ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ የአሲድ ተቃራኒ ነው ማለት ነው።

አመድ ከንቱ ነው አልልም። ካልሲየም በብዛት አለው፣ ፖታሲየም አለው፣ ትንሽ ፎስፈረስም አያጣም። ናይትሮጂን ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ እንጨቱ ሲነድ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ቅጠል የሚያለመልመው ደግሞ እሱ ነው፤ ስለዚህ «ሙሉ ማዳበሪያ» ማለት ውሸት ነው። በዚያ ላይ አመድ እንደ ኖራ የአፈርን አሲድ ይገድላል፣ የአመዱ የራሱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ ነው) ከ10 በላይ ይደርሳል። እናቶቻችን ጓሮ ጎመኑ ሥር ሲደፉት የማይጎዳው መሬቱ ሰፊ ስለሆነ፣ ክረምቱም ስለሚያጥበው ነው። አሥር ሊትር ባልዲ ውስጥ ግን የት ይሄዳል? እዚያው ይከማቻል። የአፈሩ አሲድ ሲጠፋ፣ አፈሩ ብረት እያለው ተክሉ መሳብ ያቅተዋል፣ ቢጫው የመጣው ከዚያ ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያቺ ሰማያዊ ቀለም ናት። ቀለም የተቀባ ወይ በኬሚካል የተነከረ እንጨት ሲነድ እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶች አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ያንን ቃሪያ ልጆቼ ናቸው የሚበሉት! ነቅዬ ጣልኩት።

ለሻጩ ሄጄ ስነግረው «ከተከፈተ አንመልስም፣ ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም። ላስቲኩ ላይ የአምራች ስም የለም፣ ከምን እንደተሠራም አይልም። ይህን ሳልጠይቅ መክፈል አልነበረብኝም፣ እናንተ ጠይቁ።

የገዛችሁ ካላችሁ ከላይ ያለውን ግግር ገፍፋችሁ አውጡ። ባልዲው ሥሩ የተበሳ መሆኑን አይታችሁ፣ ከታች እስኪፈስ ድረስ ደጋግማችሁ ውሃ አጠጡት። ካላገገመ አፈሩን መቀየር ነው። በተለይ ከዩሪያ ጋር እንዳትቀላቅሉት፤ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ዩሪያ የገዛችሁበትም ብር አብሮ ይሄዳል። አመድ የግድ ካላችሁ ከራሳችሁ ምድጃ፣ ንጹህ እንጨት ብቻ የነደደበትን፣ ለአንድ ባልዲ በዓመት አንዴ አንድ የሻይ ማንኪያ ከአፈሩ ጋር አዋህዱ። ለምግቡ በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ ይበልጣል፤ እኔም ሎሚዋን አፈሯን ቀይሬ በፍግ መልሼ ተክያታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ሰውዬው አሁንም እየሸጠ ነው። አንዲት እናት ሁለት ላስቲክ ይዘው ሊከፍሉ ሲሉ ደርሼ ነገርኳቸው፤ መልሰው አስቀመጡት።